ቦርጭና ስኳር በሽታን ምን አገናኛቸው? ኢንፍላሜሽን የሚሉትስ ነገር ምንድነው?

የታቦር_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ እድሜዬ 44፣ ስራዬ ወንበር ላይ ነው ቀኑን ሙሉ ቁጭ። ሰሞኑን ለመስሪያ ቤት ጉዳይ የጤና ምርመራ ሳደርግ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 118 መጣ፣ ከዛ የሁለት ሶስት ወር የስኳር አማካይ የሚያሳየውን ኤዋንሲ የሚባለውን አሰሩኝና 6.2 ሆነ። ኪሎዬ 92 ነው፣ ወገቤን ሀኪሟ በሜትር ስትለካው 108 ሳንቲም ወጣ። "ስኳር በሽታ ገና አልያዘህም ግን መንገዱ ላይ ነህ፣ ሆድህ ውስጥ ያለው ስብ ኢንፍላሜሽን እየፈጠረ ኢንሱሊንህን ስራ እያስፈታው ነው" አለችኝ። ውጪ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር በደንብ ሳልጠይቃት ወጣሁ።

እኔ ኢንፍላሜሽን ሲባል የማውቀው ቁስል ሲያመረቅዝ፣ ቶንሲል ሲነሳ፣ ቁርጭምጭሚት ሲያብጥ ነው። አሁን ግን ትኩሳት የለኝ፣ ህመም የለኝ፣ እንቅልፌንም እተኛለሁ። ታድያ ምኑ ነው የተቆጣው? ሁለተኛ ደሞ ነገሩ ኢንፍላሜሽን ከሆነ ፀረ ኢንፍላሜሽን ኪኒን ተውጦ ለምን አይጠፋም? አባቴ በስኳር ነው እግሩን ያጣው፣ ስለዚ ቀለል አድርጌ ልተወው አልቻልኩም። የምታውቁ በናታችሁ አስረዱኝ።

የአቶቴዋ

አይዞህ ወንድሜ፣ በጊዜ ማወቅህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ስንቱ አይኑ ሲደበዝዝ ነው የሚያውቀው። እኛ ቤት የሽፈራው ቅጠል ነው የምንጠቀመው፣ የአርባምንጭ ዘመዶቻችን አለኮ ብለው እንደ ጎመን ቀቅለው ነው የሚበሉት፣ ደርቆ የተፈጨውንም ገበያ ታገኘዋለህ፣ ሞክረው። ለስላሳውን ግን ዛሬውኑ ተወው።

የውስጥ_ደዌ

ሀኪሟ ያለችህ ልክ ነው። ሰው በብዛት ስለሚጠይቀኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልፃፍልህ።

ቁስል ላይ የምታየው ብግነት (ኢንፍላሜሽን ማለት ነው) አጣዳፊው ነው፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል፣ ከዛ ስራውን ጨርሶ ይበርዳል። በውፍረት የሚመጣው ደሞ ለአመታት በዝቅተኛ ደረጃ የሚቀጥል ነው፣ አያተኩስም አያምም፣ ግን ሁለቱም ላይ የሚሰሩት ህዋሶችና መልእክተኛ ኬሚካሎች በአብዛኛው አንድ አይነት ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ያበቃል፣ ሌላኛው ምክንያቱ እስካለ ድረስ አያበቃም።

ምክንያቱ ምንድነው ካልክ፣ የስብ ህዋስ እንደ ጎተራ ነው ብለህ ያዝ። ከምታቃጥለው በላይ ስትበላ ትርፉ እዛ ይከተታል። ህዋሱ እየተለጠጠ ይሄዳል፣ ሲበዛበት ደም እና ኦክስጅን በደንብ አይደርሰውም፣ ከዛ "ተጨንቄያለሁ" የሚል ኬሚካል ይረጫል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ያንን ለማፅዳት ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ህዋሶች ከደም ወደ ስቡ ይገባሉ። በፈረንጆች 2003 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በተመሳሳይ ጊዜ ያሳዩት ይሄንን ነው፣ ቀጭን አካል ላይ ስቡ ውስጥ ማክሮፋጅ ጥቂት ነው፣ በጣም ሲወፍር ግን ስቡን የሞሉት እነሱ ናቸው፣ በኋላ የወጣ ጥናት ደሞ የሞተውን የስብ ህዋስ ከበው ተቀምጠው እንደሚገኙ አሳየ። እነዚህ ህዋሶች ቲኤንኤፍ አልፋ፣ ኢንተርሉኪን 6፣ ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባሉ ኬሚካሎችን ያመርታሉ።

አሁን ከኢንሱሊን ጋር እናገናኘው። ኢንሱሊን የደም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ ከቆሽት የሚወጣ ሆርሞን ነው፣ ጡንቻና ጉበት ህዋስ ላይ ሲያርፍ ከውስጥ መልእክቱን ተቀብለው የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች አሉ። ቲኤንኤፍ አልፋ እና መሰሎቹ እነዚህን ፕሮቲኖች ያልሆነ ቦታ ላይ ፎስፌት እንዲለጠፍባቸው ያደርጋሉ፣ መልእክቱ መሀል መንገድ ይቋረጣል። ኢንሱሊኑ አለ ግን የሚሰማው የለም። ጡንቻ ስኳሩን አይወስድም፣ ጉበት ደሞ ማታ ማታ ስኳር መልቀቁን አያቆምም፣ ለዛ ነው ምንም ሳትበላ ያደርክበት የጠዋቱ 118 የሆነው። ይሄ ሀሳብ መሰረት የያዘው በ1993 ጎካን ሆታሚስሊጊል የሚባል ቱርካዊ ተመራማሪ ከብሩስ ስፒግልማን ጋር ሀርቫርድ ሆነው ወፍራም አይጦች ስብ ውስጥ ቲኤንኤፍ አልፋ በዝቶ ሲያገኙትና ኬሚካሉን ሲያግዱት የአይጦቹ ሰውነት ለኢንሱሊን የተሻለ መልስ ሲሰጥ ነው። ከዛ በፊት ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ነበር የሚመስለው።

ቆሽትህ መጀመሪያ ላይ ተጨማሪ ኢንሱሊን እየረጨ ይሸፍንልሃል፣ ለአመታት ሊሸፍን ይችላል። ሲደክም ነው ቁጥሩ የሚወጣው። በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125፣ ኤዋንሲ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር የምንለው ነው፣ 126 እና 6.5 ሲደርስ ስኳር በሽታ ይባላል፣ እሱም ሌላ ቀን ተደግሞ ከተረጋገጠ። አንተ መሀል ነህ። የአባትህ ታሪክም ስላለ በጊዜ መመርመርህ ደስ ብሎኛል።

ጋሽ_ባህሩ

ልጆች አንድ ነገር ልበል። አክስቴ ነፍሷን ይማረውና በጣም ወፍራም ነበረች፣ ዳሌዋ በበር አያልፍም ይባልላት ነበር፣ ሰማንያ አመት አልፏት ስትሞት ስኳርም ደም ግፊትም አልነበረባት። ጎረቤታችን ደግሞ እጁና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ብቻ ትንሽ ወጣ ያለ፣ በአርባ አመቱ ስኳር ያዘው። ስለዚህ ውፍረት ነው የምትሉት ነገር አይዋጥልኝም።

የውስጥ_ደዌ

ጋሼ እርስዎ ያዩት ትክክለኛ ነገር ነው፣ እንዲያውም የነገሩ ቁም ነገር እሱ ላይ ነው። ዳሌና ጭን ላይ ከቆዳ ስር የሚቀመጠው ስብ በአንፃሩ ሰላማዊ ነው፣ ትርፉን ተቀብሎ ይይዘዋል። ሆድ ውስጥ አንጀትና ጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ግን ሌላ ነው፣ እሱ ቶሎ ይቆጣል፣ የሚለቀው ስብና ኬሚካልም በደም ስር ቀጥታ ጉበት ውስጥ ነው የሚገባው። አክስትዎ ጎተራቸው ሰፊ ነበር፣ ጎረቤትዎ ግን ጎተራው ቶሎ ሞልቶ ጉበቱና ቆሽቱ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ይሄ በዘር የሚለያይ ነገር ነው። ለዛ ነው ሚዛን ብቻ የማይበቃው፣ ሜትርም ያስፈልጋል። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሳንቲም ሲያልፍ መጠንቀቅ ይጀመራል፣ ለወንድ 102 ለሴት 88 ሲያልፍ ደግሞ አደጋው ከፍ ያለ ነው። የሚለካው ሱሪ የሚታሰርበት ላይ አይደለም፣ ብዙ ወንድ ቀበቶውን ከቦርጩ ስር ስለሚያስር ቁጥሩ ያታልለዋል። ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሀል፣ ትንፋሽ አውጥተው፣ ሆድ ሳይስቡ።

ጋሽ_ባህሩ

እግዜር ይስጥህ ዶክተር፣ አሁን ገባኝ። ለልጆቼም አነበብኩላቸው።

የታቦር_ልጅ

ዶክተር በጣም ነው የማመሰግነው፣ ማንም እንዲህ አድርጎ አስረድቶኝ አያውቅም። ግን የኪኒኑ ነገር አልተመለሰልኝም። ቲኤንኤፍ ምናምን የሚያግድ መድሀኒት ካለ ለምን አይሰጠኝም? አንድ ጓደኛዬ ደሞ ዲክሎፌናክ ራሱ ፀረ ኢንፍላሜሽን ነው፣ ማታ ማታ አንድ አንድ ውሰድ ምን ይጎዳሃል እያለኝ ነው።

ፋርማሲስቷ

እባክህ ወንድሜ ዲክሎፌናኩን እንዳትጀምር!! እኔ መናኸሪያ አካባቢ ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ ሰው እንደ ማስቲካ ነው የሚገዛው፣ የስኳርና የግፊት ታካሚ ሆኖ በየቀኑ ለወገብ ህመም የሚወስድ አለ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን እነዚህ ኩላሊት ላይ የደም ፍሰት ይቀንሳሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ። በተለይ ኢናላፕሪል እና ሀይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉትን የግፊት መድሀኒቶች የሚወስድ ሰው ላይ ዲክሎፌናክ ሲጨመር ሶስቱ አንድ ላይ ኩላሊትን በአጭር ጊዜ ሊጥሉት ይችላሉ። ስኳር ራሱ ኩላሊት ያጠቃል፣ ለምን እናግዘዋለን? ደሞ ቦርጭ የፈጠረውን ብግነት አያጠፋውም፣ የሚያግደው የህመሙን መንገድ ነው፣ ማክሮፋጆቹ እዛው ስብህ ውስጥ ናቸው።

የባሰው ሌላ አለ። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ከሁሉም ጠንካራ የብግነት መድሀኒቶች ናቸው አይደል? ስኳርን ወደ ላይ የሚያወጡትም እነሱ ናቸው። ጉበት ስኳር እንዲያመርት ያዛሉ፣ ጡንቻ ኢንሱሊንን እንዳይሰማ ያደርጋሉ፣ ቆይቶም ቦርጭ ያስወጣሉ። አንዳንድ ሰፈር "የሚያወፍር መርፌ" እየተባለ የሚወጋው ነገር ውስጥ ይሄ ነው ያለው፣ ከዛ ልጅቷ ፊቷ ሞልቶ ስኳር ይዟት ትመጣለች። ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

እና ጥያቄህ ሞኝነት አይደለም፣ ሳይንቲስቶቹም ጠይቀውታል። በ1876 ኤብስታይን የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም ሶዲየም ሳሊሲሌት የሚባል የአስፕሪን ዘመድ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ የታካሚው ሽንት ውስጥ ስኳሩ መቀነሱን ፅፏል። ከመቶ አመት በላይ ቆይቶ ሳልሳሌት የሚባለውን የእሱን ዘመድ በደንብ ሞከሩት፣ በ2013 የወጣው ውጤት ኤዋንሲን የቀነሰው በ0.37 ብቻ ነው፣ ሽንት ውስጥ ደሞ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ጨመረ፣ እሱ የኩላሊት ጉዳት ምልክት ነው፣ ስለዚ የስኳር መድሀኒት ሆኖ አልወጣም። ቲኤንኤፍን የሚያግደውን መርፌም ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞክሩት አይጦቹ ላይ የታየው ለውጥ አልታየም። ኢንተርሉኪን 1ን የሚያግደው አናኪንራ በ2007 ጥሩ ምልክት አሳየ። ከዛ ኢንተርሉኪን 1 ቤታን የሚያግደው ካናኪኑማብ መጣ፣ ከ10 ሺህ በላይ የልብ ታካሚዎች ላይ፣ በ2017 ውጤቱ ሲወጣ ብግነቱን ቀንሷል፣ የድንገተኛ ልብ ህመም (ሀርት አታክ) አደጋም ቀንሷል፣ ግን ቅድመ ስኳር ላይ የነበሩት ወደ ስኳር በሽታ ከመሄድ አላዳናቸውም።

እኔ ከዚህ የምረዳው ብግነቱ አንዱ መንገድ እንጂ ሙሉው በሽታ አይደለም። ስቡ እዛው ተቀምጦ ብግነቱን ብቻ ለማፈን መሞከር ብዙ አያስኬድም። ስቡ ሲቀንስ ግን ብግነቱም ኢንሱሊኑም ጉበቱም አብረው ይሻላቸዋል፣ ያንን የሚያደርግ ኪኒን እኔ ጋ መደርደሪያ ላይ የለም።

የአቶቴዋ እህቴ፣ ሽፈራውን እንደ ጎመን መብላት በጣም ጥሩ ምግብ ነው፣ ማንም አይከለክልም። ግን በመድሀኒት ቦታ የሚያስቀምጠው በቂ ማስረጃ የለም፣ ዱቄቱን በማንኪያ እየወሰደ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድሀኒቱን የጣለ ሰው ስላየሁ ነው የምለው።

የአቶቴዋ

አይ እኔም በምግብነቱ ነው ያልኩት እህቴ፣ መድሀኒትማ እናቴ በሰአቱ ነው የምትውጠው። ስለ መርፌው ግን ያልሽውን ለእህቴ ልጅ አሳያታለሁ፣ ልትወጋ እየተዘጋጀች ነበር።

ላብ_ቴክ

የኔ ትንሽ ናት። ይሄን ያነበበ ሰው ነገ ተነስቶ "ኢንፍላሜሽን አስመርምሩኝ" ብሎ እንዳይመጣ። ሲአርፒ የሚባል ምርመራ አለ፣ ጉበት የሚሰራው ፕሮቲን ነው፣ ኢንተርሉኪን 6 ሲጨምር ጉበት ሲአርፒ ያበዛል። ለዚህ ጉዳይ የሚሆነው በጣም ትንሽ መጠን እንኳን የሚለየው (ሀይ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው) አይነቱ ነው፣ ከ1 በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ እየተባለ ለልብ ህመም አደጋ ይነበባል። ችግሩ እዚህ አገር ሰው ጉንፋን ይዞት፣ ታይፎይድ ይዞት፣ ወባ ይዞት፣ ጥርሱ ቆስሎ ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ሲአርፒን ከፍ ያደርገዋል፣ እና ከፍ ብሎ ሲመጣ ከቦርጭ ይሁን ከወባ አይናገርም። ገንዘባችሁን ለኤዋንሲ፣ ለኩላሊት ምርመራ እና ለኮሌስትሮል አውሉት። ደሞ ኤዋንሲ የሁለት ሶስት ወር አማካይ ስለሆነ በየሳምንቱ መደጋገም ትርጉም የለውም። የደም ማነስ ያለበት ወይ በቅርቡ ወባ የታመመ ሰው ካለ ለሀኪሙ ይናገር፣ ውጤቱን ያዛባዋል።

የይርጋለም_ሰው

ይቅርታ አድርጉልኝ ርእሱን ላበላሸው አይደለም ግን ታናሽ ወንድሜ ገጠር ነው ያለው፣ 23 አመቱ ነው፣ ከሲታ ነው፣ ሆድ የሚባል የለውም፣ ስኳር ይዞት ኢንሱሊን ይወጋል። ሰው ደሞ ጣፋጭ አብዝቶ ነው ይለዋል፣ እሱ ስኳር የሚያገኘው በበአል ነው። ይሄ ከምትሉት ጋር እንዴት ይሄዳል? እናቴ ደሞ "ስኳር ካለ ምግብ ይቀንስ" ተብላ እራቱን ትከለክለዋለች።

የውስጥ_ደዌ

ወንድሜ ጥሩ አደረግክ ማንሳትህ፣ እናትህ ጋ ዛሬ ደውል። ይሄ ክር ላይ የምናወራው ሁለተኛው አይነት ስለሚባለው ነው። ወንድምህ የመጀመሪያው አይነት ሊሆን ይችላል፣ እዛ ላይም ብግነት አለ ግን ሌላ ነው፣ የሰውነቱ መከላከያ ራሱ ቆሽቱ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሰሩትን ህዋሶች ነው የሚያጠቃው፣ ከምግብም ከቦርጭም አይደለም። ሌላም አለ፣ በልጅነት ለረጅም ጊዜ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ላይ የሚታይ ስኳር። የአለም ጤና ድርጅት በ1985 ከስኳር አይነቶች አንዱ አድርጎ አስገብቶት ነበር፣ በ1999 አወጣው። የጎንደር ሀኪሞቻችን ግን ገጠር ውስጥ ከሲታና ደሀ የሆኑ ወጣቶች ላይ ደጋግመው ስላዩት በ2009 ጉዳዩ እንደገና ይከፈት ብለው አለም አቀፍ መፅሄት ላይ ፃፉ። በ2025 አለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ አምስተኛ አይነት ብሎ እውቅና ሰጠው። እኔ የሀገሬ ሀኪሞች ቀድመው ያዩት ነገር ስለሆነ ኩራት ይሰማኛል፣ ግን ገጠር ላለው ልጅ ገና ብዙ አልተለወጠለትም።

ወንድምህ የትኛው እንደሆነ በአካል ያየው ሀኪም ነው የሚለየው። ዋናው ነገር ኢንሱሊኑን ለአንድ ቀንም እንዳያቋርጥ፣ ምግብ እንዳይከለከል። ለሱ ቀንስ የሚባል ኪሎ የለም። ኢንሱሊን ወግቶ እራት ሳይበላ ከተኛ ስኳሩ ወርዶ ሌሊት ራሱን ሊስት ይችላል።

የይርጋለም_ሰው

ደውያለሁ። እናቴ አልቅሳ ነው የዘጋችው፣ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይበላል ብላለች። እግዚአብሄር ያክብርህ።

የገብርኤሏ

እኔም ልጠይቅ። 51 አመቴ ነው፣ ስኳር ካለብኝ ቆየ፣ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላሚድ ነው የምውጠው። አፅዋማትን እፆማለሁ፣ እስከ 9 ሰአት ምንም አልቀምስም፣ ቅቤና ስጋም የለም፣ ግን ኪሎዬ አይቀንስም፣ እንዲያውም በሁዳዴ ጨመርኩ። ፆም ኢንፍላሜሽን ይቀንሳል የሚል ሰምቼ ነበር።

ፋርማሲስቷ

እትዬ፣ ፆሙን አልነካም፣ የበረከት ነገር ነው። ግን 9 ሰአት ላይ ምን ይቀርባል? እኛ ቤት ሁለት ሶስት እንጀራ በሽሮ፣ ላዩ ላይ ዘይት የዋኘበት ድንች ወጥ፣ ከዛ ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ደሞ ሶስት ማንኪያ ስኳር። ስጋና ቅቤ ስለሌለ ቀላል ይመስላል እንጂ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ከ100 ካሎሪ በላይ ነው። ፆም ጠቀመ የሚባለው በቀኑ ውስጥ የተበላው ጠቅላላ ሲቀንስ ነው። ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሽንብራውን፣ ሰላጣውን ያብዙት፣ እንጀራውን አንድ ያድርጉት፣ ዘይቱን ከጠርሙስ ሳይሆን በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ግሊበንክላሚዱ ነው። ጠዋት ውጠውት እስከ 9 ሰአት ካልበሉ ስኳርዎ በጣም ሊወርድ ይችላል፣ ላብ ላብ ካለዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ልብዎ ከመታ ወይ ነገር ከዞረብዎት እሱ ነው፣ ያኔ ወዲያው የሚጣፍጥ ነገር መቅመስ ያስፈልጋል። መድሀኒቱን መቼና ምን ያህል እንደሚወስዱ ከፆሙ በፊት ሀኪምዎን ያናግሩ፣ የንስሀ አባትዎንም ያማክሩ፣ ለታመመ ሰው ቤተክርስቲያን ታዝናለች።

የገብርኤሏ

ላቡና መንቀጥቀጡ ያጋጥመኛል፣ እኔ የፆም ድካም ነው እል ነበር። ነገ እሄዳለሁ ልጄ፣ ተባረኪ።

ቢስክሌቴ

ኪሎ መቀነስ ለሚለው እኔ ልምድ አለኝ፣ ዶክተር አይደለሁም፣ ስፖርት ሳይንስ ነው የተማርኩት። የታቦር ልጅ፣ ሀዋሳ ሜዳ ናት፣ አባቶቻችን ሁሉ በቢስክሌት ነበር ስራ የሚሄዱት፣ አሁን ከአረብ ሰፈር ፒያሳ ለመሄድ ባጃጅ እንይዛለን። ጡንቻ ሲኮማተር ስኳር የሚያስገባበት የራሱ መንገድ አለው፣ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ፣ ማለትም ያ ዶክተሩ የተቋረጠ ነው ያለው መልእክት ባይደርስም ስትራመድ ስኳሩ ይገባል። ስለዚ ከምሳ በኋላ ወንበር ላይ ከመመለስህ በፊት አስር አስራ አምስት ደቂቃ ብቻ ብትራመድ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ይቆርጠዋል። ሀይቅ ዳር ያለው መንገድ ጠዋት ጥላ ነው፣ ሰው በብዛት ይሮጣል፣ አንተ መሮጥ የለብህም፣ ፈጠን ብለህ ሂድ፣ ማውራት እንድትችል ግን መዝፈን እንዳትችል።

አሜሪካ ውስጥ ልክ እንዳንተ ቅድመ ስኳር ላይ ያሉ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን ለሶስት አመት ገደማ ተከታትለው በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሰሩት ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ የመሄድ እድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፣ ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ። ላንተ 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 92 የነበረው 85 ወይ 86 ይሁን ነው፣ 60 ኪሎ ሁን አላለህም ማንም።

የታቦር_ልጅ

እሱ ቁጥር ደስ አለኝ፣ ይቻላል። እኔ የፈራሁት ሰላሳ ኪሎ ቀንስ ሊሉኝ ነው ብዬ ነበር። አሞራ ገደል ሄጄ አሳ መብላትስ ልተው? ከቤተሰብ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሄድባት እሷ ናት።

ፋርማሲስቷ

አሳውን ለምን ትተወዋለህ፣ ከስጋ ሁሉ ጥሩው እሱ ነው። ዘይት ውስጥ የተጠበሰውን ቀንሰህ ሾርባውን ወይ በእሳት የተጠበሰውን እዘዝ፣ ዳቦውን አንድ አድርገው፣ ለስላሳውን በውሀ ተካው፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፣ ያ ብቻውን ስድስት ሰባት የሻይ ማንኪያ ነው። ቢራም ቦርጭ ነው።

የሞኖፖሉ

እኔ ስኳሩ ከያዘኝ አራት አመት ሆኖኛል፣ ለኛስ ረፍዷል ማለት ነው? ኦዜምፒክ የሚባለውን የስኳር መርፌስ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው አለ እያሉኝ ነው።

የውስጥ_ደዌ

አልረፈደም፣ አራት አመት ብዙ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ዳይሬክት የሚባል ጥናት ስኳር ከያዛቸው ስድስት አመት ያልሞላቸውን ሰዎች ወስዶ በቀን 850 ካሎሪ አካባቢ ብቻ እየሰጠ ለወራት አቆያቸው፣ በ2017 በወጣው ውጤት በአመቱ መጨረሻ 46 በመቶ የሚሆኑት ያለ መድሀኒት ስኳራቸው ከስኳር በሽታ መስመር በታች ሆነ፣ 15 ኪሎና ከዛ በላይ ከቀነሱት መሀል ደግሞ 86 በመቶው። ተመልሰህ ከወፈርክ ይመለሳል፣ ስለዚ ዳነ ብለን አንዘጋውም፣ በየአመቱ ምርመራው ይቀጥላል። ይሄን ቤትህ ብቻህን አትሞክር፣ መድሀኒት እየወሰድክ ምግብ ድንገት ስትቀንስ ስኳርህ ይወድቃል፣ መድሀኒቱን እያስተካከለ የሚከታተልህ ሀኪም ያስፈልጋል።

ኦዜምፒክ ጥሩ መድሀኒት ነው፣ ክብደትም ስኳርም ይቀንሳል፣ ሲአርፒም ይቀንሳል። ግን በሻንጣ የመጣውን አትግዛ። የአለም ጤና ድርጅት በ2024 ሀሰተኛ ኦዜምፒክ ገበያ ላይ እንዳለ አስጠንቅቋል፣ ትክክለኛው ራሱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ በሀዋሳ ሙቀት ሻንጣ ውስጥ የከረመ መርፌ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

የመናኸሪያዋ

ሰላም፣ ክሩን አሁን ነው ያየሁት፣ ሁሉንም አነበብኩ። እናቴ 63 አመቷ ነው፣ ለመገጣጠሚያ ሩማቶይድ ከአመት በላይ ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች፣ በቅርቡ ደሞ ስኳር ጀመራት። ፋርማሲስቷ የፃፈችውን ሳይ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱ እሱ ነው ማለት ነው፣ ከነገ ጀምሮ ላስቆማት ነው።

ፋርማሲስቷ

እህቴ እንዳታስቆሚያት! ይሄን በደንብ አንብቢልኝ። ከአመት በላይ ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው ኩላሊት ላይ ያለችው እጢ የራሷን ኮርቲሶል ማምረት ትታለች፣ መድሀኒቱ ድንገት ሲቆም ሰውነቷ ባዶውን ይቀራል፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ ታስመልሳለች፣ ህይወቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መቀነስ ካለበት ሀኪሟ ቀስ በቀስ በሳምንታት ነው የሚቀንሰው፣ ወይ ሌላ የሩማቶይድ መድሀኒት ጨምሮ። ነገ ጠዋትም እንደ ወትሮው ከቁርስ ጋር ትውሰድ።

ያንቺ ስራ ሌላ ነው። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ሲወሰድ ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ከሰአት በኋላና ወደ ማታ ነው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ ከለካችሁ ደህና ትመስላለች። ከምሳ ሁለት ሰአት በኋላና ከእራት በፊት ለኪላት፣ ሰአቱን ከቁጥሩ ጋር ወረቀት ላይ ፃፊና ሩማቶይዱን ለሚያክማት ሀኪም ውሰጂለት፣ ስኳር እንደጀመራት ላያውቅ ይችላል።

የመናኸሪያዋ

እሺ እህቴ፣ አላስቆማትም። መለኪያው ጎረቤት አለ፣ ነገ ከሰአት ተውሼ እለካታለሁ።

ፋርማሲስቷ

መለኪያውን ተዋሺ፣ መርፌዋን ግን አዲስ ግዢ፣ ሰው የተወጋበትን እንዳትጠቀሙ። ስትሪፑ ጊዜው እንዳላለፈ ቆርቆሮው ላይ እዪ፣ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ከሆነም የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። እጇን በውሀና ሳሙና ታጥባ በደንብ ታድርቅ፣ ማንጎ ወይ ሙዝ ልጣ ሳትታጠብ ከተለካች ጣቷ ላይ ያለውን ስኳር ነው የሚቆጥረው። ከ300 በላይ ከሆነ፣ ወይ በጣም ከጠማትና ሽንት ካበዛች ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዛው ቀን ሆስፒታል ውሰጃት።